ስለ ዋይፋይ ድራይቨር ስሕተትና ስለ እርማቱ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በቤታችን የሚገኘው ላፕቶፕ ነው። አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት አገልግሎ የቆየውን ከሰው እጅ ገዝቶ ያመጣው ሲሆን፥ ወደ ቤታችን ከገባበት ዕለት ጀምሮ አንድም ቀን አፕዴት ተደርጎ አያውቅም ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በቤታችን ኢንተርኔት የሚገኘው የስልክ ጥቅል እየተገዛ ስለሆነ፥ አፕዴት የሚሉት ነገር የሳምንቱን ጥቅል በአንድ ማታ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ላፕቶፑ “አሁን ላድስን?” ብሎ በጠየቀ ቁጥር ሁላችንም “ሌላ ጊዜ” የሚለውን ተጭነን እናልፈዋለን። ከሁሉም ይልቅ አዘውትሬ የምጫነው እኔ ነበርሁ።

በዚህ ዓመት የኮምፒዩተር አስተማሪያችን በክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። “የዋይፋያችሁን የይለፍ ቃል የማያውቅ ሰው፥ ከአጥራችሁ ውጭ ቆሞ ኮምፒዩተራችሁን ሊያቆመው ይችላልን?” አሉን። ሁላችንም በአንድ ድምፅ “አይችልም!” ብለን መለስን። እርሳቸውም “እንግዲያው አጣርታችሁ ንገሩኝ” ብለውን ወጡ። እኔ ነገሩን ለማጣራት ስጀምር ወዴት እንደሚያደርሰኝ አላውቅም ነበር።

አስቀድሜ ድራይቨር ምን እንደሆነ ልግለጽ። ኮምፒዩተር ብቻውን ብረትና ሽቦ ነው። በላዩ ሆኖ የሚያዝዘው ዋናው ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል፤ የእርሱም እምብርት ከርነል ነው። በቤታችን ላፕቶፕ ላይ ያለው ከርነል ሊኑክስ ይባላል፤ ይኸውም ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 የጀመረው፥ ዛሬ ግን በብዙ ሰዎች እጅ የሚጻፍና ማንም ሰው ኮዱን ከፍቶ ሊያነብበው የተፈቀደ ሥራ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ግን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።) ድራይቨር ማለት ደግሞ ከርነሉ ከአንድ መሣሪያ ጋር እንዲነጋገር የሚያስችለው፥ እንደ አስተርጓሚ የሚቆጠር የፕሮግራም ክፍል ነው። ለማተሚያው አንድ፥ ለድምፁ አንድ፥ ለዋይፋዩ አንድ አለው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሾፌር ማለት ስለሆነ፥ ለአያቴ ባስረዳኋቸው ጊዜ “መኪና ሳይኖረን ሾፌር ቀጠራችሁ?” ብለው ስቀውብኛል።

ከእነዚህ ሁሉ የኔትወርክ ድራይቨር የተለየ ጠባይ አለው። የድምፁ ድራይቨር የሚያስተናግደው በአብዛኛው ከማሽኑ ከራሱ የሚመጣውን ነው። የዋይፋዩ ግን ከአየር ላይ የመጣውን፥ ማን እንደላከው በእርግጥ ያልታወቀውን መልእክት ተቀብሎ ያነብባል። በደጅ የሚቆም ዘበኛ ነው እንዳልል፥ ዘበኛ የሚቆመው ከአጥሩ አጠገብ ነው፤ ይህ ግን እልፍኝ ውስጥ ተቀምጦ የማንንም ደብዳቤ ይቀበላል። በሊኑክስ ድራይቨሮቹ ከከርነሉ ጋር በአንድ ሜሞሪ ውስጥ ይኖራሉና በመካከላቸው ግድግዳ የለም። ስለሆነም የአንዱ ድራይቨር እጅ ቢያዳልጠው፥ የሚበላሸው የራሱ ዕቃ ብቻ አይደለም።

የምተርከው ስሕተት የተገኘው በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም.፥ ማለት በ2019 ነው። ሪልቴክ የተባለው ኩባንያ ከሚሠራቸው የዋይፋይ ቺፖች ብዙዎቹ በሊኑክስ ላይ የሚያገለግሉት አርቲኤል ዋይፋይ በሚባለው ድራይቨር አማካይነት ነው። በጊትኸብ የደኅንነት ተመራማሪ የነበረው ኒኮላስ ዋይስማን ይህን ድራይቨር ሲመረምር አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ አገኘበት። ስሕተቱ ማንም ሳያስተውለው ቢያንስ አራት ዓመት ቆይቶ ነበር። በኋላም ሲቪኢ-2019-17666 የሚል መለያ ቁጥር ተሰጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋይፋይ ዳይሬክት የሚባል አሠራር አለ፤ ሁለት መሣሪያዎች፥ ለምሳሌ ስልክና ላፕቶፕ፥ በመካከላቸው ራውተር ሳይኖር በቀጥታ ይገናኛሉ። ከሁለቱ አንዱ እንደ ባለቤት ሆኖ ሌላውን ያስተናግዳል። ነገር ግን ባለቤቱም ባትሪውን ለመቆጠብ አልፎ አልፎ ማሸለብ ይፈልጋል። ስለዚህ “ከዚህ ሰዓት ጀምሮ፥ ለዚህን ያህል ጊዜ፥ በዚህን ያህል ልዩነት እቀራለሁ” ብሎ አስቀድሞ ያሳውቃል። ስሙም የመቅረት ማስታወቂያ ይባላል። እኛ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ወረቀት በሚገባ እናውቀዋለን።

አንዱ የመቅረት መስመር 13 ባይት ይይዛል፤ ስንት ጊዜ እንደሚቀር 1 ባይት፥ የሚቆይበት ጊዜ 4፥ በመካከል ያለው ልዩነት 4፥ የሚጀምርበት ሰዓት 4 ነው። ከመስመሮቹ በፊት ደግሞ 2 ባይት መግቢያ አለ። ስለዚህ ድራይቨሩ የማስታወቂያውን ርዝመት ከመልእክቱ ያነብባል፤ ከርዝመቱ 2 ይቀንሳል፤ የቀረውን ለ13 ያካፍላል፤ የሚያገኘውም የመስመሮቹ ብዛት ነው። ርዝመቱ 28 ቢሆን፥ ሁለት ሲቀነስለት 26፤ ይህም ለ13 ሲካፈል 2 ይሆናል። ድራይቨሩም በሜሞሪው ውስጥ ያሰናዳው ቦታ በትክክል ለሁለት መስመር ነው።

አሁን አንድ ተንኰለኛ ርዝመቱ 93 የሆነ ማስታወቂያ ቢልክስ? ከ93 ላይ 2 ሲቀነስ 91፤ ለ13 ሲካፈል 7። ድራይቨሩም ሰባት መስመር ለመጻፍ ይነሣል። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ፥ ጸሐፊው ምንም አላጣራም ለማለት አለመቻሉ ነው። ለ13 ተካፍሎ ቀሪ ቢተርፍ፥ ማስታወቂያው የተበላሸ ነው ብሎ ይጥለዋል። ቅርጹን መርምሯል ማለት ነው፤ ብዛቱን ግን አልጠየቀም። 93 ደግሞ ቅርጹ እጅግ ያማረ ቁጥር ነው።

በክፍላችን አለቃ እጅ ያለውን የስም መቆጣጠሪያ መዝገብ አስቡ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የቀረበትን ምክንያት መጻፊያ ሁለት መስመር ብቻ ተከፍሎለታል እንበል። አንድ ልጅ ሰባት መስመር የሞላ ወረቀት ቢያመጣና አለቃው ሳያስተውል ሁሉንም ቢገለብጠው፥ አምስቱ መስመሮች ከእርሱ በታች ባሉት ልጆች ቦታ ላይ ይጻፋሉ። በዚሁ ቢያበቃ ደኅና ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የፈተና ውጤት፥ ከእርሱም ቀጥሎ የክፍሉ ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ የሚያዝዝ ገጽ ቢኖር፥ ያ ልጅ የፈለገውን ትእዛዝ በአለቃው እጅ አጻፈ ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህን ባፈር ኦቨርፍሎው ይሉታል፤ ባፈር የተሰናዳው ቦታ ነው፥ ኦቨርፍሎው ማለትም ሞልቶ መፍሰስ ነው።

የመቅረት ማስታወቂያው የሚመጣው ካልተመሰጠረ መልእክት ጋር ስለሆነ የይለፍ ቃል አይጠየቅበትም። ይሁን እንጂ ነገሩን ከልኩ በላይ ማጋነን አልፈልግም። ቺፑ የሪልቴክ መሆን አለበት፤ ማሽኑም በዋይፋይ ዳይሬክት የተገናኘ፥ አጥቂውም የሬዲዮው ሞገድ በሚደርስበት ርቀት የሚገኝ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ከተሟላ ማሽኑን ቀጥ አድርጎ ማቆም ይቻላል። ከዚያ አልፎ የራስን ትእዛዝ ማሠራት በሐሳብ ደረጃ የሚቻል ነው ተባለ እንጂ፥ ስሕተቱ ይፋ በሆነበት ጊዜ ዋይስማን ራሱ ገና ሠርቶ አላሳየውም ነበር።

እኔ የሰማሁትን ሁሉ ወዲያው የማላምን ስለሆንሁ፥ ድራይቨሩ በተጻፈበት በሲ ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍሁ። ሁለት ቁጥር የሚይዝ ቦታ አሰናዳሁ፤ ከእርሱ ቀጥሎ “ውጤት” የሚባል ቦታ አድርጌ 95 አስቀመጥሁበት። ስንት ቁጥር እንደማስገባ ፕሮግራሙ ሲጠይቀኝ 3 ብዬ መለስሁና 12ን ሦስት ጊዜ ጻፍሁ። ፕሮግራሙ አልጮኸም፥ አልቆመምም። ውጤቱን እንዲያሳየኝ ባዘዝሁት ጊዜ ግን 95ቱ 12 ሆኖ ቆየኝ። (በሂሳብ ፈተና እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኛል፤ ያን ጊዜ ግን ጥፋቱ የባፈር አልነበረም።) ቁጥሩን እጅግ ከፍ አድርጌ ስደግመው ፕሮግራሙ ራሱ ወደቀ። የእኔ ፕሮግራም ሲወድቅ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እርሱን ብቻ አስወጥቶ ሥራውን ይቀጥላል። የወደቀው ከርነሉ ራሱ ሲሆን ግን የሚያስወጣው ማን ነው?

እርማቱን የጻፈችው ላውራ አቦት የተባለች የከርነል ባለሙያ ናት። ርዝመቱ ሁለት መስመር ሲሆን፥ ያው ስሌት በፋይሉ ውስጥ በሁለት ቦታ ስለሚገኝ በጠቅላላው አራት መስመር ነው። በአማርኛ ስመልሰው፥ “የመስመሮቹ ብዛት ቦታው ከሚይዘው የሚበልጥ ከሆነ፥ ቦታው በሚይዘው ልክ አድርገው” ይላል። ሰባት የነበረው ሁለት ይሆናል፤ ያለፈው ሁሉ ሳይነበብ ይቀራል።

ይህን ለጓደኞቼ ባሳየሁ ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛዬ፥ “ውሸታም መሆኑ ከታወቀ ወረቀቱን በሙሉ መጣል ነው እንጂ፥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ማመን ምን ይባላል?” አለ። እኔም ከእርሱ ጋር ተስማማሁ። አስተማሪያችን ግን፥ “ውሸታም ያልሆነ መሣሪያ ሦስት መስመር ቢልክስ? ሰውየው ሌባ ሳይሆን ግንኙነቱን ልታቋርጡበት ነውን?” ብለው ጠየቁን። ደግሞም ሁለቱ መስመሮች ውሸት ቢሆኑ፥ ድራይቨሩ የባልንጀራውን የእንቅልፍ ሰዓት ይሳሳታል እንጂ ሜሞሪው አይነካም። ይህን ሰምቼ ዝም አልሁ፤ ሆኖም እኔ ብጽፈው ኖሮ እጥለው እንደነበር ዛሬም አልክድም።

እኔ ግን ከክርክሩ ይልቅ ያሰላሰልሁት ስለዚያ ሁለተኛ ቦታ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ የሳተውን ነገር ኮዱን ሲገለብጥ አብሮ ይገለብጠዋል። ስሕተቱን በአንደኛው ቦታ አይቶ አርሞ በደስታ የተነሣ ሰው፥ ሁለተኛውን በር ክፍት ትቶ ሄደ ማለት ነው። ባለሙያ የሚታወቀው አራቱን መስመር በመጻፍ አይመስለኝም፤ እኔም እጽፋቸው ነበር። የሚታወቀው ከሁለት መስመር በኋላ ፋይሉን ሳይዘጋ “ሌላስ የት አለ?” ብሎ በመፈለጉ ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት አዲስ አይደለም። የሲን ቋንቋ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ዴኒስ ሪቺ ነው። የዚያን ጊዜ ማሽን አቅሙ አነስተኛ ስለነበረ፥ በተጻፈ ቁጥር “ቦታ አለን?” ብሎ መጠየቅ እንደ ብክነት ይቆጠር ነበር፤ ጥንቃቄው ለጸሐፊው ተተወ። በጥቅምት 23 ቀን 1981 ዓ.ም. (በ1988) ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ እንደ ትል እየተባዛ ብዙ ማሽኖችን አወከ። ከገባባቸው በሮች አንዱ ፊንገር የተባለው አገልግሎት ነበር፤ ለ512 ባይት በተሰናዳ ቦታ 536 ባይት ላከበት። መልእክቱን የሚያነብበው ጌትስ የተባለው ትእዛዝ የቦታውን ልክ ጭራሽ የማይጠይቅ ነበር። ይህ ትእዛዝ ከቋንቋው ደንብ የተሰረዘው በ2011 ነው፤ ከትሉ በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. (በ2022) ደግሞ፥ በጀርመን አገር በዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ ተመራማሪ የጀመረው ምርመራ፥ ብዙ የዋይፋይ ድራይቨሮች በጋራ በሚገለገሉበት የሊኑክስ ክፍል ውስጥ አምስት ስሕተቶችን ይፋ አወጣ። (እነዚህ ስሕተቶች ለምን ጥቅምትን እንደሚወዱ እንጃ።) ከእነርሱ አንዱ የመቁጠሪያ ስሕተት ነው። ከመልእክቱ የተነበበው ርዝመት በአንድ ባይት የተጻፈ ስለሆነ እስከ 255 ይደርሳል። ፕሮግራሙ በዚህ ላይ 2 ይጨምርና ድምሩን እንደገና በአንድ ባይት ውስጥ ያኖረዋል። 255 ሲደመር 2፥ 257 መሆኑን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃል፤ አንድ ባይት ግን ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል፥ እንደ አሮጌ መኪና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ዞሮ 1 ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ቀጥሎ የሚመጣው ግልበጣ ከቦታው 256 ባይት አሳልፎ ይጽፋል። የሊኑክስን የዋይፋይ ክፍል የሚጠብቀው የኢንቴሉ ዮሃንስ ቤርግ ይህን ያረመው የመቁጠሪያውን ዓይነት ወደ ሰፊው በመለወጥ ነው።

በዚያው ጊዜ ከተገኙት ሌላው ዓይነት ለመግለጽ ይከብዳል። ኪራይ ቤት የለቀቀ ሰው ቁልፉን ሳይመልስ ቢቀር፥ ባለቤቱም ቤቱን ለሌላ ሰው ቢያከራየው፥ የቀድሞው ተከራይ አንድ ማታ በቁልፉ ከፍቶ ሲገባ የሚያገኘው የራሱን አልጋ አይደለም። ፕሮግራምም የመለሰውን የሜሞሪ ቦታ አድራሻ ይዞ ቆይቶ፥ ለሌላ ሥራ ከተሰጠ በኋላ ተመልሶ ይጽፍበታል። እርማቱ አራት መስመር የሚበቃው አይደለም፤ ቁልፉ በስንት ሰው እጅ እንዳለ በሥርዓት መቁጠርን ይጠይቃልና።

እንግዲህ ቋንቋውን ራሱን መለወጥ አይሻልምን የሚል ይኖራል። ማይክሮሶፍት በ2019 እንደገለጸው፥ በየዓመቱ ከሚያርማቸው የደኅንነት ስሕተቶች ከመቶ ሰባ ያህሉ እንዲህ ያሉ የሜሞሪ ስሕተቶች ናቸው። ራስት የተባለ ቋንቋ (ትርጓሜው ዝገት ነው፤ ለምን ይህን ስም እንደሰጡት አልገባኝም) የቦታውን ልክ ራሱ ይቈጣጠራል፤ የእያንዳንዱም ቦታ ባለቤት ማን እንደሆነ ፕሮግራሙ ከመሠራቱ በፊት ይጠይቃል። ሊኑክስ በታኅሣሥ 2022 በወጣው 6.1 ይህን ቋንቋ መቀበል ጀመረ፤ በ2024 በወጣው 6.8 ደግሞ ኤሲክስ ለተባለ የኔትወርክ ቺፕ በራስት የተጻፈ ትንሽ ድራይቨር ገባ። በአንድሮይድ ዘንድ አዲሱን ኮድ በእንደዚህ ያለ ቋንቋ መጻፍ ከተጀመረ በኋላ፥ የሜሞሪ ስሕተቶች ድርሻ በ2019 ከነበረበት ከመቶ 76 በ2024 ወደ 24 ወርዷል። ቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በራስት የተጻፈ ድራይቨር ሰባተኛውን መስመር በሁለት ቦታ ላይ ሊጽፍ ቢሞክር፥ ቋንቋው አይፈቅድለትም እንጂ ከርነሉ በድንጋጤ ሊቆም ይችላል። ከሌባ ያድናል፤ ከመቆም ግን ሁልጊዜ አያድንም። ሰባትን ሁለት ማድረግ ያለበት አሁንም ጸሐፊው ነው።

ወደ ቤታችን ላፕቶፕ ልመለስ። ካርዱን ብመረምረው የሪልቴክ 8723ቢኢ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህ ካርድ የሚሠራው በዚያው በአርቲኤል ዋይፋይ ድራይቨር ነው። ከርነሉ 4.15፥ ማለት በ2018 ከወጣው ኡቡንቱ 18.04 ጋር የመጣው ነበር። መድኃኒቱ የተዘጋጀው በ2019 ስለሆነ፥ እኛ ግን በየጊዜው “ሌላ ጊዜ” ስንል ስለኖርን፥ አራቱ መስመሮች ቤታችን ሳይደርሱ ቀርተዋል። የ2022ቱ ስሕተት ደግሞ ከ4.15 በኋላ በተጨመረ ኮድ ውስጥ ያለ ስለሆነ እኛን አልነካንም፤ አሮጌ መሆን አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ይጠቅማል። ግን የ18.04 መደበኛ ጥገና በ2023 ስላበቃ፥ በአዲስ መለወጡ ይሻል ነበር። አዲሱ 24.04 ደግሞ ወደ ስድስት ጊጋባይት ይመዝናል።

አጎቴ ይህን ሲሰማ፥ “ስድስት ጊጋ ስንት ብር እንደሆነ ታውቃለህ? ደግሞስ የእኛን ላፕቶፕ ለማቆም ሬዲዮ ተሸክሞ እዚህ መንደር የሚመጣው የትኛው ሥራ ፈት ነው?” አለኝ። እውነቱን ለመናገር ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። “ማንም አይመጣ ይሆናል፤ ግን ላፕቶፑን ይዘህ ወደ ገበያ የምትሄደው አንተ ነህ” አልሁት። እዚያ የሸቀጡን ሂሳብ የሚይዝበት እርሱ ነውና፥ ጥቂት አስቦ፥ “ገንዘብ የማታስወጣኝ ከሆነ አድርገው” አለ።

አስተማሪያችን ፋይሉን በትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት አውርደው በፍላሽ ሰጡኝ። በመጀመሪያ የአጎቴን የሂሳብ ፋይሎችና የቤታችንን ፎቶግራፎች በሌላ ፍላሽ ገለበጥሁ፤ ሁለት ጊዜም ቈጠርኋቸው። ከዚያ እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ድረስ ስጭን አመሸሁ። ሲጨርስ የከርነሉን ቁጥር ብጠይቀው 6.8 ብሎ መለሰልኝ። በማግሥቱ በትምህርት ቤት የዚያን ከርነል ኮድ ከፍቼ የድራይቨሩን ፋይል ፈለግሁ፤ አራቱ መስመሮች፥ ሁለቱ ከላይ፥ ሁለቱ ከታች፥ በየቦታቸው አሉ። ለአስተማሪያችንም ጥያቄ የዚያኑ ዕለት መልስ ሰጠሁ። “በዋይፋይ ዳይሬክት ተገናኝተን ቢሆን ኖሮ እስከ ትናንት ማታ ድረስ ይችል ነበር” አልሁ። ጥቂት ቆይቼም፥ “የምናገረው ስለዚህኛው ስሕተት ብቻ ነው” የሚል ጨመርሁበት።